ለትንሹ መስፍን የቆመው ልጅ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቃሎ ቢመዘን ስንት ይወጣዋል? በቫልሴርና ቤተ መንግሥት ትልቁ አዳራሽ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ቀጥ ብሎ የቆመበት ሥዕል ተሰቅሏል። የሚያየው ሁሉ "መስፍን ፌራንቴ ናቸው፣ በልጅነታቸው" ይላል። ከአንገት በላይ እውነቱን ነው። ከአንገት በታች ያለው ግን መኒካ የምትባል ጡት እናት ወልዳ ያሳደገችው ገላ ነው። መኒካ ሰባ ዓመት ያህል ኖራለች፤ ሁለት ልጅ አጥብታለች፣ የሰው አንሶላ አጥባለች፣ ቀብራለች፣ ተቀብራለች። ከዚያ ሁሉ ኑሮ ዛሬ በዓይን የሚታይ ነገር ቢፈለግ ያቺ የሸራ ቁራጭ ብቻ ናት። እሷም በሌላ ሰው ስም ነው የምትጠራው።

መኒካ የካሶላ ሰው ነበረች። ካሶላ ከከተማው በላይ ካስታኛ የሚባለው ዛፍ ተራራውን ያለበሰበት መንደር ነው። ሰዉ የዛፉን ፍሬ አድርቆ ይፈጫል፤ ገንፎውም ዳቦውም ከዚያ ይወጣል። የከተማ ሰው "የዛፍ በሎች" እያለ ይሳለቅባቸዋል፤ ልጁን የሚያጠባለት ሲፈልግ ግን ወደዚያው ሽቅብ ይልካል፣ የካሶላ ሴት ወተት ወፍራም ነው ይባላልና። መኒካ ባሏ ግንድ ተጭኖት ሲሞትባት ልጇ ቢያጆ ገና አርባ ቀኑ አልሞላም ነበር። በዚያው ሰሞን የመስፍኑ ሚስት ወንድ ልጅ ተገላገሉ። ከከተማ የመጣው ሐኪም ጥርሷን እንደ በቅሎ ጥርስ ገልጦ አየ፣ ወተቷን በጥፍሩ ላይ ጠብ አድርጎ ወደ ብርሃን አዘነበለው፣ "ይህቺ ትሁን" አለ። ልጇን ለጎረቤት ትታ እንድትመጣ ነበር ትእዛዙ። የመስፍኑ ልጅ ግን ያለቅሳል እንጂ አይጠባም። ቢጨንቃቸው ቢያጆን አስመጡትና በአንደኛው ጡት ቢያጆ ሲጠባ ሲያይ ፌራንቴም ሌላውን ያዘ። እንዲህ ሆኖ ቢያጆ በጓሮ በር ገባ፣ ማንም ግባ ሳይለው ኖረ፣ ማንም ውጣ ሳይለው አደገ።

ሁለቱ ልጆች ስድስት ዓመት ሲሆናቸው ቢያጆ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ይወርድ ነበር። ፌራንቴ ግን አይቆምም። እግሮቹ ከጉልበት በታች ወደ ውስጥ ጎብጠው፣ ቀጥነው፣ ሰው ብብቱን ይዞ ሲያቆመው እንደ ረጠበ ጨርቅ ይጣጠፉ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ ግን አይነገርም። "ልዑልነታቸው እስካሁን መራመድ አላሰኛቸውም" ነው የሚባለው። ከዚህም የባሰ ልማድ ነበራቸው፦ ልጁን ሲያዩ ዓይናቸው ወገቡ ላይ ሲደርስ ይመለሳል። ሹሙም አገልጋዩም ከወገቡ በታች አያየውም። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲያደርጉ ኖረው ልማዱ ገላቸው ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ማንም አስቦ አያደርገውም።

"ስድስት ዓመት ሙሉ አላሰኘውም?" ትላለች ልብስ አጣቢዋ ኔንቻ፣ ከመኒካ ጋር ከገንዳው ዳር ቆማ። "እኔንስ አንሶላ ማጠብ መች አሰኝቶኝ ያውቃል! ማን ሰማኝ?"

"ዝም በይ፣ ይሰሙሻል።"

"ይስሙኛ። ምን ያደርጉኛል፣ አጣቢ ያደርጉኛል?"

ኔንቻ እንዲህ ነበረች። አፏ አያርፍም። መኒካ ትወዳታለች፤ ግን ለማንም ያልተነገረውን ነገር ለሷ መንገር ትፈራ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከዳቦ ነው። አንድ ቀን ጧት የወጥ ቤቱ ሹም ለመኒካ ከመኳንንቱ ገበታ ነጭ ዳቦ ላከላት። ማግስቱንም። በሦስተኛው አዲስ ቀሚስ መጣ። መኒካ ዳቦውን ጠርጴዛ ላይ አስቀምጣ እንደ እባብ ታየው ጀመር።

"ነጭ ዳቦ? ላንቺ?" አለች ኔንቻ። "ማን ሊሞት ነው?"

የዚያኑ ዕለት የልጁ ሞግዚት እመቤት ላውዶሚያ አስጠራቻት። ላውዶሚያ ጥቁር ለባሽ፣ ራሷ እንደ ሳህን ባለ ነጭ ክብ የአንገት ዳንቴል ላይ የተቀመጠ ሴት ናት። ስድስት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ የቢያጆን ስም ጠርታ አታውቅም።

"ያ ልጅሽ፣ ማን ነበር ስሙ?"

"ቢያጆ ነው፣ እመቤቴ።"

"አዎ፣ ቢያጆ። ደርባባ ልጅ ነው። እግሮቹ ቀጥ ያሉ ናቸው።"

መኒካ በዚያ ቤት "እግር" የሚለውን ቃል ሰምታ አታውቅም ነበር፤ ሲነገር ያገኘችው ለልጇ ነው።

ጉዳዩ ይህ ነበር። በእኛ አገር የመኳንንት ወንድ ልጅ እስከ ስድስት ዓመቱ ቀሚስ ይለብሳል፤ ከዚያ ሱሪና ሰይፍ ይታጠቃል፣ በዚያም ሰሞን ሥዕሉ ይሣላል። ሥዕሉ ለቤት ጌጥ አይደለም፤ ይላካል። የጎረቤቱ መስፍን ሴት ልጅ ነበራቸው፤ ጋብቻው ሁለቱን አገር ከጦርነት ያወጣል ተብሎ ሽማግሌ ይመላለስ ነበር። እነሱም "ልዑሉን ቆመው እንያቸው" ብለው ላኩ። የሚቆም ልዑል የለም። ስለዚህ ፊቱ ከፌራንቴ፣ ቁመናው ከቢያጆ ይወሰድና ሠዓሊው ያገጣጥማቸዋል።

"ጥቂት ቀን ቆሞ መዋል ብቻ ነው" አለች ላውዶሚያ። "ምን ይጎዳዋል?"

መኒካ "ምንም" አለች። ሌላ የምትለው ስላልነበራት ነው እንጂ አምናበት አልነበረም።

ሠዓሊው መምህር ኤርኮሌ ሆዳም፣ ጨዋታ የሚወድ፣ ጢሙ ላይ ሁልጊዜ ቀለም የማይጠፋ ሰው ነበር። ለቢያጆ የፌራንቴን የሐር ሱሪ አለበሱት፣ የወርቅ እጀታ ያላት ሰይፍ አስታጠቁት፣ አጭር ዘንግ በቀኝ እጁ አስያዙት፣ ግራ እጁን በብረት የራስ ቁር ላይ አሳረፉለት። ከኋላው ቀይ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ዓምድ፣ ከእግሩ ሥር ትልቅ ውሻ። ፌራንቴም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እያየ ይስቅ ነበር።

"ቢያጆ የኔን ሰይፍ ታጠቀ! መምህር፣ እሱ እኮ እኔን ሆነ! እኔስ ማንን ልሁን?"

ኤርኮሌ ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነከረ።

"እማ፣ አፍንጫዬን በላኝ" አለ ቢያጆ።

"ቻለው የኔ ልጅ።"

"መስፍን አፍንጫውን አያክም?"

"ቤቱ ያካል" አለ ኤርኮሌ ከሸራው ጀርባ። "ሥዕል ላይ ግን አያክም። አንዴ ካከከ ማን ይፈራዋል?"

መኒካ ጥግ ይዛ ትጠብቅ ነበር። ከልጇ ዓይኗን አትነቅልም። ኤርኮሌ ሲሠራ ማውራት ይወዳል፤ የሚያዋራው ሲያጣ እሷን ያዋራታል።

"ይህ ዘንግ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? 'እኔ ስናገር ሌላው ዝም ይላል' ነው የሚለው።"

"ልጄ ሲናገርስ?"

"ልጅሽማ ዝም ብሎ ይቁም" ብሎ ሳቀ። "ውሻው ደግሞ ሕዝቡ ነው።"

"ሕዝቡ ተኝቷል?"

"ተኝቶ ወደ ላይ ያያል። ወደ ላይ ማየቱን አትርሺ፣ ዋናው እሱ ነው። ዓምዱ ቤቱ አይነቃነቅም ይላል። የራስ ቁሩ የጦረኛ ዘር ነኝ ይላል።"

መኒካ አሰበች። በምሥራቅ በኩል ያለው ግንብ ከተሰነጠቀ ጀምሮ በአጣና ተደግፎ እንደቆመ ታውቃለች። መስፍኑ ያን የራስ ቁር አንድ ቀን ደፍተውት አያውቁም፤ የአያታቸው ነው። ሕዝቡም ባለፈው የብርድ ወራት እህል አጥቶ የቤተ መንግሥቱን በር በድንጋይ ሲደበድብ ተኝቶ አልነበረም። ሠዓሊው የሚያስቀምጠው ዕቃ ሁሉ የሚሄደው ወደ ጎደለው ቦታ ነው። ይህ ለሷ አዲስ ትምህርት አልነበረም። በካሶላ እናት ለልጇ ከክፉ ዓይን የሚጠብቅ መከላከያ የምታስረው በምትፈራበት በኩል ነው፤ ሆዱን የሚያመው ከሆነ በሆዱ ላይ፣ ሌሊት የሚባትት ከሆነ በአንገቱ ላይ። ስለዚህ ሥዕሉን ስታየው ሹማምንቱ የሚያዩትን ግርማ አላየችም። ከራስ እስከ እግሩ መከላከያ የተደረደረበት የፈራ ቤት አየች። የፈራ ቤት ደግሞ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም።

ከዚያ ሁሉ ግን ያስጨነቃት ሌላ ነገር ነበር። በፌራንቴ መታጠቂያ ላይ የራሱ የዓይን መከላከያዎች ተንጠልጥለው ነበር፤ ከባሕር የሚወጣ ቀይ ድንጋይ፣ በብር የታሰረ የተኩላ ጥርስ፣ ትንሽ ቃጭል። መታጠቂያው ቢያጆ ወገብ ላይ ሲውል እነሱም አብረው ዋሉ። በካሶላ የሰው መከላከያ ለሰው አይታሰርም። ድንጋዩ የባለቤቱን ክፉ ሲጠጣ የኖረ ነው ይባላል፤ ሌላ ልጅ ላይ ካሰሩት የጠጣውን እዚያ ላይ ይተፋል። ልጇ የሠዓሊው ዓይን ቀኑን ሙሉ ተተክሎበት፣ የሌላ ልጅ ደዌ በወገቡ ተንጠልጥሎ ሲውል ማየት አልቻለችም። ማታ ማታ ጉልበቱን እየዳሰሰች "አያምህም?" ትለው ጀመር። አንድ ቀን "ትንሽ ደክሞኛል" አላት። በቃ።

በማግስቱ ኤርኮሌ ቀለም ሊያሽ ዞር ሲል ቀዩን ድንጋይና ጥርሱን ፈትታ በኪሷ ከተተችና የቢያጆን የራሱን መከላከያ አሰረችለት። አባቱ ከመሞቱ በፊት ከእንጨት የፈለፈላት፣ አውራ ጣቷን በጣቶቿ መሃል ያሾለከች ትንሽ ጡጫ ናት። በቀይ የሱፍ ክር፣ በግራ ጎኑ፣ በሦስት ቋጠሮ። የካሶላ እናት ሁሉ እንዲህ ነው የምታስረው፤ ከካሶላ ውጭ ግን ማንም አያስረውም።

ኤርኮሌ ሲመለስ አየ። ቅንድቡን ከፍ አደረገና ሣለው። ቀይዋ ክር ከነጩ ሐር ጋር ስትታይ አማረችለት። እሱ ያየውን ይሥላል፤ ያም የእንጀራው ነገር ነው።

ሥዕሉ ሲያልቅ ላውዶሚያ መጣች፣ እልፍኝ አስከልካዩ አቲሊዮ መጣ፣ መስፍኑና ሚስታቸው መጡ። "ፊታቸው!" አሉ። "ግንባራቸው! የአያታቸው ግንባር!" አሉ። አድንቀው አድንቀው ዓይናቸው ወገቡ ላይ ሲደርስ፣ እንደለመዱት፣ ተመለሰ። የተሣለ እግር ቀጥ ብሎ ቆሞላቸው ሳለ እንኳ ማየት አልቻሉም። ስለዚህ ከወገቡ ጎን ተንጠልጥላ የምትታየውን የእንጨት ጡጫ ከዚያ ሁሉ ሹም አንድም ሰው አላያት።

ያየቻት እንግዳ ናት። ከጎረቤቱ መስፍን ዘንድ ሥዕሉን ሊወስዱ የመጡት መልእክተኛ ሚስታቸውን ዶና ጂኔቭራን ይዘው ነበር። ሴትዮዋ ሥዕሉን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ከወገብ በታች እንዳታይ የከለከላት ልማድ የለባት። ድንገት ከት ብላ ሳቀች።

"ይህቺን ጡጫ አውቃታለሁ! እኔን ያጠባችኝ የካሶላ ሴት ናት። ልጇ ጎን ላይ ይህችው ነበረች፣ እስከ ክሯ! እኔም ልሰር ብዬ ባለቅስ ምን አለችኝ መሰላችሁ? 'ይህ ከማህፀኔ ለወጣ ነው' አለችኝ።" ሳቋን ሳትጨርስ አዳራሹ ዝም ማለቱን ልብ አለች። ሥዕሉን እንደገና አየችው፣ አሁን ረጅም ጊዜ። "ልዑሉን ቆመው ባያቸው ደስ ይለኝ ነበር" አለች ቀስ ብላ።

"ልዑልነታቸው ጉንፋን ይዟቸዋል" አለ እልፍኝ አስከልካዩ።

መኒካ በሩ ጋ ቆማ ነበር። ማንም ወደሷ አልዞረም። ያ ነው ያስፈራት፤ የተቆጡ ሰዎች ይዞራሉ።

አንሶላ በሚታጠፍበት ክፍል አስገብተው ጠየቋት። ላውዶሚያ ተቀመጠች፣ አቲሊዮ በሩን ተደግፎ ቆመ።

"ማን አዘዘሽ?"

"ማንም አላዘዘኝም፣ እመቤቴ።"

"የጎረቤቶቻችን ሰዎች ምን ሰጡሽ?"

"እነሱን ዛሬ ነው ያየኋቸው። ነጭ ዳቦ የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ።"

አቲሊዮ ፈገግ አለ። ላውዶሚያ ግን አልሳቀችም። "እኔ ልንገርሽ ለምን እንዳደረግሽው። ልጅሽ እንዲታወቅ ነው። ነገ መጥተሽ 'ይህ የኔ ነው፣ ምልክቴ ይኸው' ልትዪ።"

"ዓይን ፈርቼ ነው! የሰው መከላከያ በሰው ልጅ ላይ አይታሰርም፤ ስለዚህ ነው።"

እውነቷን ነበር የተናገረችው። ግን ክፍሉን ለቃ በኮሪደሩ ስትሄድ የላውዶሚያ ቃል ተከተላት። ዓይን ብቻ ነበር የፈራችው? ኤርኮሌ ጡጫዋን ሲሥላት እያየች ለምን ዝም አለች? ሥዕሉ ሲያልቅ ሰው ሁሉ "የአያታቸው ግንባር" ሲል እሷ ያቺን ቀይ ክር እያየች ደስ አላላትም? ሰውን ሁሉ የጠረጠረች ሴት የዚያን ቀን ራሷን ጠረጠረች። መልሱን ፈልጋ አላገኘችውም፤ መመለስ የሚችል ሰውም ያለ አይመስለኝም። ሰው የሚሠራውን ሥራ ሁሉ አንድ ምክንያት ብቻ ይዞ አይሠራውም።

በሳምንቱ ኤርኮሌ ተጠርቶ በጡጫዋ ላይ ቀይ ድንጋይ ሣለባት። ሥዕሉ ግን ከእንግዲህ ትልቁ ችግር አልነበረም። ትልቁ ችግር በሥዕሉ ላይ ያሉትን እግሮች ይዞ በግቢው የሚሮጠው ልጅ ነው። አንድ ቀን ከወጥ ቤት እንደገና ነጭ ዳቦ መጣ፣ ማርም አብሮ። ከሰዓት በኋላ ላውዶሚያ በጣፋጭ ድምፅ "ቢያጆን ከወንዙ ማዶ ባለው ገዳም እናስተምረዋለን። ማንበብ ይማራል፣ ቄስ ይሆናል። ዕድለኛ ነሽ" አለቻት።

"መቼ?"

"ወደፊት። አትቸኩዪ።"

መኒካ "ወደፊት" ማለት "በቅርቡ" ማለት እንደሆነ ገባት። ወደ ገንዳው ሮጠች። ኔንቻ ነገሩን ሁሉ ሰምታ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ለመጀመሪያ ጊዜም ሳትቀልድ ተናገረች።

"ስሚኝ። ቅዳሜ ጧት አንሶላ በጋሪ ጭኜ ወንዝ እወርዳለሁ። በረኛው የቆሸሸ አንሶላ አይፈትሽም፣ አፍንጫውን ይዞ ነው የሚያሳልፈኝ። ልጁን ከመሃል አስተኛዋለሁ። አንቺ በጓሮ በር ወጥተሽ ከድልድዩ ሥር ጠብቂኝ። ከዚያ ካሶላ ነው፤ ተራራ ላይ ማን ያገኛችኋል?"

መኒካ ልታቅፋት እጇን ዘረጋች። ያኔ ነው ያየችው። በኔንቻ ሽርጥ እጥፋት ውስጥ የነጭ ዳቦ ፍርፋሪ ነበር።

"ከየት አገኘሽው?"

"ምኑን? ዳቦውን? ከወጥ ቤት ሰርቄ። ምነው?"

"ምንም።"

ዳቦ ሲመጣ ምን ተከትሎ እንደሚመጣ መኒካ ተምራለች። እሷን በዳቦ ነው የገዟት፤ ኔንቻንስ በምን ይገዟት? ልጁን በገዛ እጇ አንሶላ ውስጥ ጠቅልላ ለማን ልታስረክብ ነው? ሌሊቱን ስታወጣ ስታወርድ አደረች። ኔንቻ ወሬኛ ናት፤ ወሬኛ ሰው ይህን ያህል ዝም ብሎ ሲያስብ አይታ አታውቅም። በረኛው እንደማይፈትሽ በምን አወቀች? ሲነጋ ቆርጣለች። ቅዳሜ ልጁን አትሰጣትም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለድሆች ምጽዋት ሲሰጥ ትልቁ በር ይከፈታል፤ ያኔ ራሷ እጁን ይዛ ትወጣለች።

ቅዳሜ ጧት የጋሪው ድምፅ ሲያልፍ ሰማች። ቢያጆን ደረቷ ላይ አጣብቃ ከክፍሏ ሳትወጣ ቀረች። "እማ፣ እትዬ ኔንቻ እየተጣራች ነው" አላት ልጁ። "ዝም በል" አለችው። ጋሪው ቆመ፣ ትንሽ ቆየ፣ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች መጡ። ጨዋ ሰዎች ነበሩ፤ ለቢያጆ የእንጨት ፈረስ ይዘውለት ነበር። ለመኒካ "መሰነባበት ልጁን ያስለቅሰዋል፣ እዚሁ ሁኚ" አሏት። እምቢ ብላ ያዘችው፤ አንደኛው ጣቶቿን አንድ በአንድ፣ ሳያሳምማት፣ ፈታቸው። ፌራንቴ ከወንበሩ ሆኖ "የት ነው የምትወስዱት? እኔንም ውሰዱኝ!" እያለ ይጮህ ነበር።

ኔንቻ ሲመሽ ተመለሰች። ጭቃ በጭቃ ሆና፣ ንድድ ብሏት።

"የት ጠፋሽ? ብጣራ ባጣሽ ልጁን ራስሽ ይዘሽ ትመጫለሽ ብዬ አንሶላው ታጥቦ እስኪደርቅ ድልድዩ ሥር ተገትሬ ዋልሁ! ስንቁን እንኳ ይዤ…" ቃሏን ሳትጨርስ የመኒካን ፊት አየች። የያዘችውን ጥቅል ጠርጴዛው ላይ አስቀመጠች። ውስጡ ነጭ ዳቦ ነበር፣ በጨርቅ የታሰረ፣ ለልጅ እጅ እንዲመች በትናንሹ የተቆረሰ።

ሁለቱ ሴቶች ስለዚያች ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ተነጋግረዋል ይባላል። ኔንቻ "ጠረጠርሽኝ?" አለች። መኒካ "አዎ" አለች። ኔንቻም "እኔም ብሆን እጠረጥር ነበር" አለቻት። ከዚያ በኋላ እስከ ሞት አልተለያዩም።

በመጀመሪያው ዓመት "ልጅሽ ደኅና ነው፣ ፊደል ቆጥሯል" አሏት። በሁለተኛው "ንዳድ ይዞት ሞተ" አሏት፣ ሸሚዝም አመጡላት። አሸተተችው። "ይህ የሌላ እናት ልጅ ሸሚዝ ነው" ብላ መለሰችላቸው። በእግሯ ወንዙን ተሻግራ ገዳሙ ድረስ ሄደች። በረኛው መነኩሴ በመስኮት ቀዳዳ "ልጆች እዚህ ሲገቡ ስማቸው ይለወጣል፣ የቀድሞውን አናውቅም" አላት። "እግሮቹን ብታሳዩኝ አውቀዋለሁ" ብትለው መስኮቱን ዘጋው።

ከዓመታት በኋላ ጋብቻው ተፈጸመ፤ ተልኮ የነበረው ሥዕልም ከሙሽራይቱ ጋር ተመልሶ በትልቁ አዳራሽ ተሰቀለ። ሙሽራይቱ ስትመጣ ፊቷ በፈንጣጣ የተጎዳ ነበር፤ ከነሱ ዘንድ በተላከው ሥዕሏ ላይ ግን አንድ ጠባሳ አልነበረም። ሁለቱም ወገን ሁለቱንም ነገር አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ዶና ጂኔቭራም ያየችውን ነግራቸው ነበር። እንግዲህ ያ ልጅ የጠፋው ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ለመደበቅ ነው። ሰው ሥልጣን ማለት ሌላው የማያውቀውን ማወቅ ይመስለዋል። እኔ ሳስበው ሥልጣን ማለት ሁሉም የሚያውቀውን ማንም እንዳይናገረው ማድረግ ነው።

መኒካ ከፌራንቴ ክፍል ወጥታ ከኔንቻ ጋር አጣቢ ሆነች። በገበያ ቀን ወጣቶች ሲያልፉ እግር እግራቸውን ታያለች፤ ወታደር፣ በቅሎ ነጂ፣ ዘፋኝ፣ መነኩሴ ሳይቀር ልብሱን ከፍ ሲያደርግ።

"አንቺ ሴትዮ፣ በእርጅናሽ ጎልማሳ አማረሽ?" ትላታለች ኔንቻ ሰው እንዲሰማ ጮክ ብላ፣ ሰዉም ይስቃል። ሰው ከሳቀ ደግሞ ሌላ ነገር አይጠረጥርም፤ ኔንቻ ያን ታውቃለች።

አባትዬው መስፍን ሲሞቱ ፌራንቴ ነገሠ። በእኛ አገር አዲስ መስፍን በነገሠ ቀን ጡት እናቱ አንድ ነገር ትጠይቃለች፤ ያቺን ቀን አትከለከልም፣ ልማድ ነው። ቤት ይጠየቃል፣ መሬት ይጠየቃል። መኒካ በታጠበ ቀሚስ ገባች። ፌራንቴ ከሥዕሉ ሥር ተቀምጧል፣ በእጁ ዘንግ፣ ጉልበቱ ላይ የወርቅ ጨርቅ እስከ መሬት ወርዶለት። ሲያያት ዓይኑ ራሰ።

"እማ መኒካ። ጠይቂኝ።"

"ልጄ ቢያጆ በሕይወት አለ ወይስ ሞቷል? አንዷን ቃል ብቻ።"

እልፍኝ አስከልካዩ አቲሊዮ፣ አሁን ሽበት ያወረሰው፣ ወደ ፌራንቴ ጆሮ ጎንበስ አለ። ቅርብ የነበሩት ሰምተውታል፤ "ገዳሙን ስለሱ ከጠየቅን እንዲህ ያለ ልጅ ነበር ማለታችን ነው" ነበር ያለው። ፌራንቴ ወደ ላይ፣ ወደ ሥዕሉ፣ ሊያይ ጀምሮ ተወው።

"እማ፣ ሌላ ነገር ጠይቂኝ። ቤት ጠይቂኝ።"

"ቤት የሚያስፈልገው ሰው ለሚጠብቅበት ነው፣ ጌታዬ። እኔ እጠብቅ እንደሆን አልጠብቅ እንደሆን አላውቅም።"

ቤት ሰጧት። አልገባችበትም። በየዓመቱ በነገሠበት ቀን ትሄዳለች፣ ያንኑ ትጠይቃለች፣ ሌላ ነገር ይሰጧታል፤ በኋላ በረኞቹ ከደጅ ይመልሷት ጀመር። በመጨረሻ ታማ ተኝታ ቄሱ ሊያናዝዟት ሲመጡ ኃጢአቷን ተናግራ ከጨረሰች በኋላ እጃቸውን ያዘች።

"አባቴ፣ እርስዎ ገዳሙ ውስጥ ሰው አለዎት። በሕይወት አለ ወይስ ሞቷል?"

"ልጄ፣ ወደ እግዚአብሔር ስትሄጂ ታውቂዋለሽ" አሏት።

"እሱን መቼ ጠየቅሁ" አለች መኒካ። "የጠየቅሁት እናንተን ነው።"